ከውኃው በፊት የነበረው ጥያቄ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ እንጅባራን ካለፈ በኋላ፣ ዳንግላ ሳይደርስ፣ አዲስ ቅዳምን ያገኛል። በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ ናት። እንደ ሐሙሲትና እንደ ሮቢት ሁሉ የእርሷም ስም የቀን ስም ነው፤ በጎጃም አፍ ቅዳሜ «ቅዳም» ይባላልና። ገበያ አገርን እንደሚሰይም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ቅዳም የሚለው ቃል ከገበያ ዘንቢልና ከእህል ስፍር ያለፈ ታሪክ አለው። ይህችን ቀን ስለ ማክበርና ስላለማክበር በዚህች አገር መነኮሳት ተሰድደዋል፣ ጉባኤ ተቀምጧል። ከዓመቱ ቅዳሜዎች አንዷ ደግሞ ከጥምቀት ምሥጢር ጋር የተሳሰረች ናት። የዚህ ጽሑፍ መነሻም እርሷው ናት።

በትንሣኤ ዋዜማ፣ በቅዳም ስዑር ማለዳ፣ ቀሳውስቱ ለምለም ቄጤማ ይዘው ቃጭል እያሰሙ ወደ ምእመናን ቤት ይሄዳሉ። ምእመናኑም ቄጤማውን ተቀብለው በራሳቸው ላይ ያስራሉ። አንድ ልጅ እናቱን «ይህ ሣር ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቃት መልስ አታጣም። የጥፋት ውኃ በጎደለ ጊዜ ርግቧ ለኖኅ ለምለም ይዛለት መጣች፤ እኛም መከራው አለፈ ስንል እናስራለን ትለዋለች። አያቱን ቢጠይቅ ደግሞ፣ ጌታ በራሱ ላይ የደፋው የእሾህ አክሊል መታሰቢያ ነው ይሉት ይሆናል። ልጁ «ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው እውነቱ?» ብሎ ቢጨነቅ ሁለቱም ይሥቁበታል። ሁለቱም ነዋ!

እዚህ ላይ ነው የሊቃውንቱ «አንድም» የሚታወሰው። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር አንዱን ኃይለ ቃል በአንድ ፍች አስሮ አይተወውም። አንዱን ፍች ይሰጥና «አንድም» ብሎ ሌላውን ይጨምራል፤ ሦስተኛም አራተኛም ሊከተል ይችላል። ጎንደር ላይ የላይ ቤትና የታች ቤት ተብለው የተለዩት የትርጓሜ ወገኖች እንኳ በአፈታታቸው ቢለያዩም በ«አንድም» ሥርዓት አንድ ነበሩ። ይህ ማለት ግን ትርጓሜው ልጓም የለውም ማለት አይደለም። ሃይማኖቱ አንድ ነው፤ ምሳሌው ብዙ ነው። እናትየዋና አያትየው ያልተጣሉት ስለዚህ ነው።

ለመሆኑ በቄጤማ ያልተጣላ ሕዝብ በውኃ እንዴት ተጣላ? ይህ ጸሐፊ በታሪካችን ውስጥ ያየው አንድ ነገር አለ። ጥምቀት በኢትዮጵያዊ ስም መጀመሪያ የተጻፈው ከጥያቄና ከትርጓሜ ጋር ነው። ጥያቄው እየቀረ ትእዛዝ በቦታው በተተካ ቁጥር ግን ውኃው የሰላም ውኃ ሳይሆን ቀርቷል። ይህን ከመነሻው እንመልከት።

የጃንደረባው ሠረገላ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው የጃንደረባው ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥት ህንደኬ በጅሮንድ ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብብ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ባኮስ ይባላል። የታሪክ ሰዎች እንደሚያስረዱት ህንደኬ (ካንዳኬ) የአንዲት ሴት ስም ሳይሆን በዛሬይቱ ሱዳን በነበረችው በመርዌ የንግሥቶች ማዕረግ ነው። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉም ከግብፅ በታች ያለውን የኩሽ ምድር ሁሉ ማለታቸው ነበር። ይህ ግን የታሪኩን ክብር አይቀንሰውም። እኛን የሚመለከተን የነገሩ ቅደም ተከተል ነው።

ፊልጶስ ወደ ሠረገላው በቀረበ ጊዜ ስለ ውኃ አላነሣም። የመጀመሪያ ንግግሩ ጥያቄ ነበር፤ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም ያለ አስተማሪ እንዴት ይገባኛል በማለት ከጎኑ አስቀመጠው። ቀጥሎ የጠየቀው ደግሞ አንድ የትርጓሜ ጉባኤ ተማሪ የሚጠይቀውን ነው። ነቢዩ ይህን የተናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ? ፊልጶስ ከዚያ ጀምሮ ተረጐመለት። ትርጓሜው ካለቀ በኋላ፣ በመንገዱ ዳር ውኃ በታየ ጊዜ፣ ውኃውን ያየው አጥማቂው አልነበረም። «ለመጠመቅ ምን ይከለክለኛል» የሚል አሳብ ያነሣው ተጠማቂው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል። ንባብ፣ ጥያቄ፣ ትርጓሜ፣ ከዚያ በኋላ ውኃ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በሠረገላው ላይ ሥልጣን የነበረው ጃንደረባው ነው፤ ፊልጶስ እግረኛ ነበር። አስገድዶ ያጠመቀም፣ ተገድዶ የተጠመቀም የለም።

አዎ፣ እኛ ሕፃናትን እናጠምቃለን፤ ወንዱን በአርባ ቀኑ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀኗ። የዚህም ምሳሌ አለው። በመጽሐፈ ኩፋሌ እንደ ተጻፈው አዳም በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ወደ ገነት ገብተዋል፤ አንድም በኦሪት ዘሌዋውያን የወለደች ሴት የመንጻቷ ወራት በዚሁ ቍጥር ነው። ተጠማቂው ገና የአርባ ቀን ልጅ ነውና ሊጠይቅ አይችልም። የክርስትና አባትና የክርስትና እናት የተሠሩት ለዚህ ነው፤ አፍ ለሌለው አፍ ይሆናሉ። ካህኑም ሠላሳ ስድስት ቦታ ሜሮን ይቀባዋል፣ በአንገቱም ማተብ ያስርለታል። ታዲያ የጃንደረባው ጥያቄ ጠፋ ማለት ነውን? አልጠፋም፤ ለሌላ ጊዜ አድሯል። ልጁ አድጎ «ይህ ክር ለምንድን ነው? ይህ ቄጤማ ለምንድን ነው?» ያለ ዕለት የዘገየው ጥያቄ ደረሰ። እናትየው ደግሞ በዚያች ሰዓት የፊልጶስን ወንበር ትይዛለች።

የውኃው ምሳሌዎች

ጥምቀት ምንድን ነው? ቃሉ ራሱ መንከር፣ መድፈቅ ማለት ነው፤ የግሪኩም ቃል ፍች ይኸው ነው። በአማርኛችን ግን ይህ ቃል አንድ ተጨማሪ ጸጋ አለው። ጠላም «ይጠመቃል»። ጌሾውና ብቅሉ ከውኃው ጋር ተዋሕደው ካደሩ በኋላ የሚወጣው ከገቡት ነገሮች አንዱን ብቻ አይመስልም፤ አዲስ ነገር ሆኗል። ይህ የባልቴቶች ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 6 የሚያስተምረው ከዚህ አይርቅም። ተጠማቂው ከክርስቶስ ጋር ይቀበራል፣ ከክርስቶስም ጋር ይነሣል፤ የገባው አሮጌው ነው፣ የወጣው አዲሱ።

የሐዲስ ኪዳን ጸሐፊዎች የጥምቀትን ምሳሌ ከብሉይ እየለቀሙ አሳይተውናል። በ1ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 3 ስምንት ነፍስ የዳነችበት የኖኅ ውኃ የጥምቀት ምሳሌ ተብሏል። በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 10 እስራኤል በደመናና በባሕር ተጠመቁ ተብሎ ተጽፏል። በቈላስይስ ምዕራፍ 2 ግዝረት ከጥምቀት ጋር ተነጻጽሯል። መምህራኑም የሶርያዊውን የንዕማንን ታሪክ ይጨምራሉ፤ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ተጠምቆ ከለምጹ ነጽቷልና።

እዚህ ላይ ምሳሌው ሁለት ፊት እንዳለው ማስተዋል ይገባል። የኖኅ ውኃ ስምንቱን ያዳነ ውኃ ነው፤ የቀረውን ዓለም ያሰጠመውም ያው ውኃ ነው። ባሕረ ኤርትራ ለእስራኤል መንገድ፣ ለፈርዖን መቃብር ሆኗል። የጥምቀት ውኃ ሞትና ሕይወት በአንድ ላይ ያሉበት ነው። የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን አዳዲስ አማንያንን በተለይ በትንሣኤ ሌሊት፣ ከቅዳም ስዑር ወደ እሑድ በሚያነጋው ሌሊት፣ ታጠምቅ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ቅዳሜ የመቃብር ቀን ነው፤ እሑድ የትንሣኤ። በቅዳም ስዑር ራሳችን ላይ የምናስረው የኖኅ ለምለም እንግዲህ፣ ብናውቀውም ባናውቀውም፣ ስለ ጥምቀት የሚናገር ሣር ነው።

ስለ ዮርዳኖስም መምህራኑ የሚያስተምሩት ምሳሌ አለ። ዮርዳኖስ ከላይ ምንጩ አንድ ነው፣ ዝቅ ብሎ ይከፈላል፣ ከታች ወርዶ ደግሞ ይገናኛል ይላሉ። የሰው ልጅም ከአንድ አዳም ተገኝቶ ሕዝብና አሕዛብ፣ የተገዘረና ያልተገዘረ ተብሎ ተለያየ፤ በጥምቀት ግን ዳግመኛ አንድ ሆነ። አንድም ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን ባሪያዎቼ ናችሁ ብሎ ያጻፋቸው የዕዳ ደብዳቤ በዮርዳኖስ ተጥሎ ነበርና ጌታ ሲጠመቅ ደመሰሰው። አንደኛው ምሳሌ ስለ አንድነት፣ ሁለተኛው ስለ ነጻነት ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት እንያዛቸው፤ ወደ ኋላ ያስፈልጉናል።

ቅዳምና ምጥማቅ

ቅዳሜና ጥምቀት በአንድ ስም የተገናኙበት ቦታ በታሪካችን አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በግብፅ አገር ምጥማቅ ይባል የነበረው የእመቤታችን ገዳም መፍረሱን በሰሙ ጊዜ በተጉለት ደብረ ምጥማቅን አሠሩ። ምጥማቅ የመጠመቂያ ቦታ ማለት ነው። በ1450 እ.ኤ.አ. የቅዳሜን ክርክር የዘጋው ጉባኤ የተቀመጠው በዚሁ ደብር ነው።

የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን እንደ እሑድ እናክብር በማለታቸው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ተገፍተዋል። ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት የአይሁድ ሥርዓት ነው ብለው አወገዟቸው፤ እነርሱም የሚቀበላቸው ጳጳስ አጥተው ያለ ክህነት ኖሩ። በደብረ ምጥማቅ ግን ንጉሡ ሁለቱን ወገኖች ፊት ለፊት አቀመጧቸው። ጳጳሳቱ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል የሁለቱን ሰንበታት መከበር ተቀበሉ፤ ኤዎስጣቴዎሳውያኑም ከእነርሱ ክህነት ለመቀበል እሺ አሉ። ዘርዐ ያዕቆብ በሌላ ነገር የጨከኑ ንጉሥ እንደ ነበሩ አይካድም። በዚህች ጉዳይ ግን ጥያቄው መልስ እስኪያገኝ ጉባኤ ተቀምጠዋል።

በዓሉ ያስነሣው ሙግት

ለጥምቀት የተሠራው ሥፍራ በአገራችን ጥንታዊ ነው። በኤርትራ መጠራ በተባለው የአክሱም ዘመን ከተማ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተሠራ የመጠመቂያ ገንዳ በቁፋሮ ተገኝቷል። በላሊበላ ከአለት የተፈለፈለው ቦይ ዮርዳኖስ ይባላል፤ በመካከሉም ከአለት የተቀረጸ መስቀል ቆሟል። በጎንደር የፋሲል መዋኛ በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ይሞላል። የጥምቀት በዓል በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዓሉን ዛሬ ዓለም ያደንቀዋል፤ ነገር ግን ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ያየው የውጭ ሰው አላደነቀውም።

ያ ሰው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1521 እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር የጥምቀትን በዓል ተመለከተ። ገንዳ ተቆፍሮ ውኃ ተሞልቶ፣ አንድ አረጋዊ ካህን በብርዱ ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ሕዝቡ እየገባ ሲጠመቅ አየ። ንጉሡ ስለ ሥርዓቱ አስተያየቱን ጠየቁት። እርሱም ጥምቀት አንዲት ናት፣ አትደገምም ብሎ ተከራከረ። ንጉሡም በበኩላቸው ወደ እስልምናና ወደ አይሁድ ሃይማኖት ገብተው ሲያበቁ ተጸጽተው ለሚመለሱት ምን ይደረግላቸው በማለት ጠየቁት። የንጉሡ ጥያቄ የዋዛ አልነበረም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በ1529 እ.ኤ.አ. የግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ብዙ ሕዝብ በሰይፍ ሃይማኖቱን ለወጠ። ከጦርነቱ በኋላ እነዚያ ሰዎች ሲመለሱ በመጽሐፈ ቄደር ሥርዓት በውኃ ይነጹ ነበር፤ ይህም የንስሐ መታጠቢያ ነው እንጂ ሁለተኛ ጥምቀት አይባልም።

ከአልቫሬዝ ጋር አብሮ ወደ ፖርቱጋል የሄደው የልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ ደግሞ ሌላ መልስ ሰጠ። በሊዝበን ሊቃውንት ፊት ስለ ሃይማኖቱ ተመረመረ፤ በ1534 እ.ኤ.አ.ም የኢትዮጵያን እምነት በጽሑፍ አብራራ። በየዓመቱ በውኃ የምንገባው ለመዳን ያስፈልጋል ብለን አይደለም፣ የጌታችንን ጥምቀት ለማሰብና እርሱን ለማመስገን ነው የሚል ነበር አሳቡ። ዳሚያን ዴ ጎይስ ጽሑፉን በ1540 እ.ኤ.አ. በሉቬን አሳተመለት። በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፉ በፖርቱጋል እንዳይሸጥ ታገደ። ጸጋ ዘአብም በክርስቲያን አገር ሥጋ ወደሙን እንዳይቀበል ተከልክሎ ኖረ። ክርስቲያን ሆኖ መከራከር ችሎ ነበር፤ ክርስቲያን ሆኖ መቊረብ ግን አልቻለም።

እዚህ ላይ የምናስተውለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ንጉሡና መልእክተኛው ስለ አንድ በዓል ሁለት ምክንያት ሰጥተዋል፤ «አንድም» ለአገራችን ሰው ባህርዩ ነውና። ሁለተኛ፣ የውጭው ሰው ያየው ውኃውን ብቻ ነበር፤ ትርጓሜውን አልሰማም፣ ሲነገረውም አልተቀበለም። የጌታን ልደት በየዓመቱ ስናከብር ጌታ በየዓመቱ ይወለዳል ማለታችን አይደለም። ጥምቀቱን ስናስብም እንደዚያው ነው።

ታሪክ ግን ምፀተኛ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ከተቀበሉ በኋላ በ1625 እ.ኤ.አ. ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ የኢትዮጵያውያንን ጥምቀት አጠራጣሪ ነው ብሎ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ አዘዘ። ጥምቀት አይደገምም ብለው የከሰሱን ሰዎች ወገን ደጋሚ ሆኖ ተገኘ!

ይህ ትእዛዝ ለአንድ ገበሬ ምን ማለት እንደ ነበር እናስብ። የአንተ ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ማለት፣ የሞቱት አባትህና እናትህ ክርስቲያን አልነበሩም ማለት ነው። የተቀበሩበት ቅዱስ ቦታ ቅዱስ አይደለም ማለት ነው። ሕዝቡ የተነሣው የባሕርይን ምሥጢር ሁሉ አመላልሶ ስላወቀ ላይሆን ይችላል፤ ሙታኑን ስለ ነኩበት ግን እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በወይና ደጋ ከላስታ ዐማፅያን ጋር በተደረገው ጦርነት በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ሱስንዮስ ድል ቢያደርጉም የወደቁት የገዛ ወገኖቻቸው መሆናቸውን አይተው በ1632 እ.ኤ.አ. የአባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ጃንደረባው ጠይቆ ተጠመቀ፤ የሱስንዮስ ዘመን ሰው ግን ሳይጠይቅ ዳግመኛ ተጠመቅ ተባለ።

በዮርዳኖስ ዳር የተጣሉ ወንድማማቾች

ከኢየሱሳውያን መባረር በኋላ ጉዳዩ የውጭና የውስጥ ጠብ መሆኑ ቀርቶ የቤት ጠብ ሆነ። የጎጃም ምድርም በዚህ ክርክር ትልቅ ሥፍራ አለው። ጥያቄው፣ እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ ቀባው የሚለው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቃል ምን ማለት ነው የሚል ነበር። በጎጃም የበረቱት የኤዎስጣቴዎስ ቤት መነኮሳት፣ ቃል ሥጋን ሲዋሐድ ሥጋ የከበረው በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው አሉ። ተዋሕዶዎቹ፣ የከበረው በተዋሕዶ ነው፣ ወልድ ራሱ ቅብዕ ነው አሉ። ጸጎች ወይም ሦስት ልደት የተባሉት ደግሞ ከአብና ከድንግል ልደት ሌላ በመንፈስ ቅዱስ የሆነ ሦስተኛ ልደት አለ ብለው አስተማሩ። በዮርዳኖስ የወረደችው ርግብና ከሰማይ የተሰማው ድምፅም በየክርክሩ ይጠቀሱ ነበር።

ሦስቱም ወገኖች ያነበቡት አንድ መጽሐፍ ነው፤ ያስቀደሱትም በአንድ ቅዳሴ ነው። ይሁን እንጂ ጉባኤው ቤተ መንግሥት በገባ ቁጥር የንጉሡ ፈቃድ የትርጓሜው ዳኛ ሆነ። በ1721 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዳዊት 3ኛ ዘመን ንጉሡ ለቅባቶች በፈረዱ ጊዜ፣ እምቢ ያሉ የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት በጎንደር ተገደሉ። ዮርዳኖስ ተለያይተው የነበሩት የሚገናኙበት ነው የተባለው ምሳሌ በዚያ ቀን የት ነበር? አንድነትን የሚያስተምረው ውኃ ወንድማማቾችን ለየ።

በ1878 እ.ኤ.አ. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ የጠሩት ጉባኤ ክርክሩን ለተዋሕዶ ፈረደ። ከዚያው ተያይዞ ግን ሌላ ትእዛዝ መጣ፤ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከመኳንንቱ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆነው በታሪክ ታወቁ። ሌሎች ግን ተሰደዱ፣ እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉትም ዐመፁ። ንጉሡ ያሰቡት የአገርን አንድነት ነበር፤ ይህን መርሳት ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን ዮርዳኖስ ስለ አንድነት ብቻ ሳይሆን ስለ ነጻነትም ምሳሌ ነው ብለን ነበር። የባርነትን ደብዳቤ የሚደመስስ ውኃ በትእዛዝ ሲፈስ ምሳሌው ራሱ ይፈርሳል።

የግሽ ምንጭ

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት አገር እንመለስ። ከአዲስ ቅዳም በስተ ደቡብ ምሥራቅ ብዙ ሳይርቅ፣ በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ አለ። ይህ ምንጭ ክርስትና በጎጃም አገው ዘንድ ከመስፋፋቱ በፊትም የተከበረ ነበር። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በሚያዝያ 1618 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር እዚያ በደረሰ ጊዜ፣ የአካባቢው ሰው ለምንጩ ላም እንደሚሠዋ ጽፏል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ሲመጣ መሥዋዕቱ አልቀረም ነበር፤ የምንጩን አገልጋይ ክፍለ ዓባይ የተባለውንም አነጋግሯል። በዚያው ጊዜ ግን የግሽ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ከምንጩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ ማለት ነው።

ታዲያ በጎጃም ቤተ ክርስቲያን ይህን ውኃ ምን አደረገችው? አልደፈነችውም፤ ተረጐመችው። ዓባይ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ከኤደን ወጥቶ የኢትዮጵያን ምድር ይከብባል የተባለው ግዮን ነው አለች። ስለ አቡነ ዘርዐ ብሩክም የሚነገር ትውፊት አለ፤ ጻድቁ በተያዙ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ቢጠይቁት ውኃው ሳያረጥብ መለሰላቸው ይባላል። የግሽ ስምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ መጻሕፍቱን ግሽ አድርጎ አወጣቸው ይላሉ። የቃሉ አመጣጥ ይህ ይሁን አይሁን ሌላ ነገር ነው። ትውፊቱ ግን ጥልቅ አሳብ አለው። ለምንጩ ይሰጥ የነበረው ላም ነበር፤ አሁን የተሰጠው መጽሐፍ ሆነ። ውኃውም የተቀበለውን አላጠፋም፣ ጠብቆ መለሰ። አገሬው ያከብረው የነበረውን ምንጭ አልተነጠቀም፤ ስለ ምንጩ አዲስ ቃል ተሰጠው። ዛሬም ሕዝቡ ለጠበል ይሄዳል።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ አሮጌው አምልኮ አዲስ ልብስ ለብሶ ነው ይላል። እንደዚያ ከሆነ ከኖኅ ውኃ ጀምሮ ያለው ሁሉ አሮጌ ነው። ምሳሌ ከአየር አይሠራም፤ ሰው ከሚያውቀው ውኃ፣ ከሚያውቀው ሣር፣ ከሚያውቀው ክር ይሠራል። የንዕማን ቅሬታ ትዝ ይበለን፤ የደማስቆ ወንዞች ከዮርዳኖስ አይሻሉምን ብሎ ነበር። የአዊ ገበሬም ዓባይ ከዮርዳኖስ ያንሳልን ብሎ ቢጠይቅ አያስወቅሰውም። መምህሩ የሚመልስለት፣ አያንስም፤ በየዓመቱ ጥር 11 በጸሎት የተባረከ ወንዝ ሁሉ ዮርዳኖስ ይሆናል ብሎ ነው።

አንድ ነገር ግን ሊታለፍ አይገባውም። ይህ ሁሉ ትርጓሜ የተነገረው በግእዝና በአማርኛ ነው። የአዊ እናት ለልጇ የምትመልሰው ግን በአገውኛ ነው። ጃንደረባው ኢሳይያስን ማንበብ ይችል ነበር፤ የጐደለው ንባብ ሳይሆን ፍች ነበር። ለስንቱ ሰው ደግሞ ፍቹ በአፉ ቋንቋ ሳይደርሰው ውኃው ብቻ ደርሶት ይሆን? ሊቃውንቱ ከግእዝ ወደ አማርኛ «አንድም» እያሉ ያወረዱትን በሌሎቹም የአገሪቱ ቋንቋዎች ማውረድ የአባቶችን ሥራ መቀጠል ነው እንጂ ማፍረስ አይደለም።

ነገሥታቱም ሜንዴዝም ፊልጶስ የጀመረበትን ረስተዋል። እርሱ የጀመረው ይገባሃልን ብሎ ነበር፤ እነርሱ ግን ግባ አሉ። በቅዳም ስዑር ማለዳ፣ በአዲስ ቅዳምም ሆነ በሌላ ከተማ፣ አንድ ልጅ ራሱ ላይ የታሰረውን ለምለም እየነካካ ለምንድን ነው ሲል፣ የሚጠይቀው እናቱን ያስቸገረ ሕፃን ብቻ አይደለም። በአርባ ቀኑ ሊጠይቅ ያልቻለውን ዛሬ እየጠየቀ ነው። «ዝም በል፣ ሥርዓት ነው» የሚለው መልስ አይበቃውም። ስለ ኖኅ ይነገረው። አንድም ስለ እሾህ አክሊሉ ይነገረው።